ፊቱን የሚያነሳው ትራክተር፦ ጥያቄና መልስ

ሰኔ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዓመት በዓመት ይመሳሰላሉ። የዘንድሮዎቹ ግን በአንድ ነገር ላይ ተረባረቡ፤ ትራክተር ፊት ላይ በሚንጠለጠለው የክብደት ብረት። ስንት ይሁን፣ በምን ይተካ፣ መቼ ይውረድ። የዘይትና የፍሪሲዮን ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ታገሱኝ።

ከሐሙሲት፦ «ትራክተሬ 2,800 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ አንስቼ ቦይ ስሻገር ፊቱ ብድግ ይላል፣ መሪው ይቀለኛል። ጋራዥ ስጠይቅ አስር ብረት ጫንበት አሉኝ። አይበዛም?»

ይበዛል ብዬ እገምታለሁ። ግን መገመት ለምን አስፈለገ? ሜትር ይያዙና ይለኩ።

ትራክተር እንደ ገበያ ሚዛን ነው። ማንጠልጠያው የኋላ ጎማው መሐል ነው። ማረሻው ከኋላ ሲነሳ ፊቱን ያቀለዋል። ምን ያህል ያቀለዋል? ሦስት ቁጥር ይበቃል፤ የማረሻው ክብደት፣ ከኋላ ጎማው መሐል እስከ ማረሻው ወገብ ያለው ርቀት፣ ከኋላ ጎማው መሐል እስከ ፊት ጎማው መሐል ያለው ርቀት።

ለምሳሌ ማረሻዎ 450 ኪሎ ይሁን። ወገቡ ከኋላ ጎማው መሐል 1.40 ሜትር ይራቅ። በሁለቱ ጎማዎች መሐል ደግሞ 2.20 ሜትር ይኑር። 450ን በ1.40 ያባዙ፣ ለ2.20 ያካፍሉ። 286 ኪሎ ይመጣል። ማረሻውን ባነሱ ቁጥር ከፊት ጎማዎ ላይ የሚጠፋው ይህ ነው።

አሁን ፊቱ ባዶውን ስንት እንደሚመዝን ይወቁ። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ማሳረፍ ነው። 850 ኪሎ ቢሆን፣ 286 ሲቀነስ 564 ይቀራል። በአምራቾች መመሪያ የተለመደው ደንብ ትራክተር መሪው እንዲታዘዝለት ከባዶ ክብደቱ ቢያንስ 20 በመቶው ፊት ላይ መቅረት አለበት የሚል ነው። የ2,800 ሃያ በመቶ 560 ነው። አራት ኪሎ ተረፈዎት ማለት ነው! ይህም ቀጥ ባለ ሜዳ፣ ቆሞ ሳለ። ቦይ ሲሻገር ማረሻው ይዘላል፣ ፊቱም ብድግ ይላል።

ባለ 30 ኪሎ አራት ብረት ከፊት ጎማው መሐል 60 ሳንቲሜትር ቀድሞ ቢሰቀል ፊት ላይ የሚጨምረው 120 ሳይሆን 153 ኪሎ ገደማ ነው። ትርፉ የመጣው ከኋላ ተቀንሶ ነው፤ ይህን ልብ ይበሉ፣ ከታች እንመለስበታለን። ስለዚህ በምሳሌዬ አራት ብረት ከ700 በላይ ያደርስዎታል። የራስዎን ቁጥር ያስገቡና ይመልከቱ። አስር ብረት ግን የፊት አክስሉን፣ ኩሽኔታውንና ጎማውን ያለ ሥራው ማድከም ነው። የፊት አክስል ከፍተኛ ጭነቱ መመሪያው ላይ አለ፤ እሱን አይለፉ። የፊት ጎማውን ንፋስም ከጨመሩት ክብደት ጋር ያስተካክሉ።

ከወረታ፦ «ጋሼ፣ እኔ ረዳት ነኝ። ማረሻው ሲነሳ ሹፌሩ ፊት ላይ ውጣና ተቀመጥ ይለኛል። ለክብደት ነው። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል ይላል። ችግር አለው?»

አለው ልጄ። ደግሜ እለዋለሁ፣ አለው።

ሂሳቡን ላስቀድም። 60 ኪሎ ብትመዝን፣ ኮፈኑ ፊት ላይ ተቀምጠህ የምትሰጠው ጥቅም ከሁለት ብረት እምብዛም አይበልጥም። ሁለት ብረት! ብረት ደግሞ ቦይ ሲመጣ አይወድቅም። ቢወድቅም እናት የለውም።

ሁሉም ያደርጋል ያለህ ውሸት አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያውም ሹፌሩ እኔ ሆኜ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ጠዋት ስለበረደ ልጁ ጋቢውን ደርቦ ፊት ላይ ተቀምጧል። ቦዩ ጥልቅ አልነበረም። ፊቱ ወረደ፣ ተመልሶ ተነሳ፣ ልጁ ከዓይኔ ጠፋ። ከሹፌር ወንበር ከኮፈኑ በታች አይታይም፤ ያየሁት ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ ረገጥኩ። ወርጄ ሳይ የፊት ጎማው የጋቢውን ጥለት ረግጦ ቆሟል። ልጁ ጋቢውን ከሥሩ እየጎተተ «ምንም አልሆንኩም» ይለኛል። እኔ ግን ያን ቀን ማረስ አልቻልኩም፤ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ፍሪሲዮን አልያዝልህ አለኝ።

ለሹፌሩ እንዲህ በለው፦ «ሁለት ብረት እስኪገዛ ማረሻውን ዝቅ አድርገህ፣ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለህ ተሻገር፤ እኔ በእግሬ ቀድሜ ቦዩን አሳይሃለሁ።» እምቢ ካለ ይህን ጽሑፍ አሳየው። አሁንም እምቢ ካለ ሌላ ሹፌር ፈልግ።

ከባሕር ዳር፦ «ትራክተሩ የባለቤቴ ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ የማስተዳድረው። የፋብሪካው ብረት ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ሹፌሬ ጀሪካን በአሸዋ ሞልተን እንሰር አለኝ። ያዋጣል?»

እህቴ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አሸዋውን ግን በኮንክሪት ይለውጡት። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ውኃ ቢሞሉት 20 ኪሎ ነው። ደረቅ አሸዋ ወደ 32 ኪሎ ይሆናል። ኮንክሪት ከሆነ 48 ኪሎ ገደማ። አሸዋ ደግሞ ጀሪካኑ በተሰነጠቀ ቀን እየፈሰሰ መንገድ ላይ ይቀራል።

አሠራሩ ይህ ነው። የጀሪካኑን ጎን በቢላ ከፍተው ያጋድሙታል። ከታጠፈ ፌሮ ሁለት ማንጠልጠያ አስገብተው ኮንክሪቱን ያፈሳሉ፤ በዱላ እየወጉ አየሩን ያስወጣሉ። ለሳምንት ያህል ውኃ እያጠጡ ያቆዩት። አዲስ ቤት ሲሠራ እንደሚያዩት ማለት ነው። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ገደማ ስለሆነ ሰኔን ከመጠበቅ አሁኑኑ ቢጀምሩ ይሻላል።

የሚያሳስበኝ ጀሪካኑ ሳይሆን ማሰሪያው ነው። በገመድ አይታሰርም። በያጅ ከወፍራም ብረት መደርደሪያ ይሥራልዎትና ትራክተሩ ፊት ላይ አስቀድሞ ባሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ይታሰር። የፊቱ ድጋፍ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነውና በያጁ እዚያው ላይ ልበይድ ካለ እምቢ ይበሉ፤ ይሰነጠቃል። የራዲያተሩን ፊት እንዳይሸፍንም ይጠንቀቁ። ክብደት አገኘን ብለው ሞተር ያፈሉ ሰዎች አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና ያስጠብቁ፤ የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ ያላላል።

ከመራዊ፦ «ቆጋ መስኖ ላይ ለስንዴ ስናርስ የኋላ ጎማው እየተንሸራተተ አስቸገረ። ስድስት ብረት ፊት ላይ ጨመርን። ለውጥ የለም። ብረቱ ይሆን የማይረባው?»

ብረቱ ምን አደረገ፣ ያለ ቦታው ሰቅላችሁት ነው። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ትራክተር የሚጎትተው በኋላ ጎማው ነው። የፊት ብረት ለመሪ ነው እንጂ ለጉልበት አይደለም። ጭራሽ ቅድም እንዳልኩት ከኋላ ትንሽ ይሰርቃል፤ የእናንተ ስድስት ብረት ባለ 30 ኪሎ ከሆነ ወደ 50 ኪሎ ከኋላ ቀንሷል። ፎርዊል ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ፊቱም ይጎትታልና።

መጀመሪያ መንሸራተቱን ለኩት። የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። እያረሳችሁ ጎማው 10 ዙር ሲዞር የተነሳበትና የደረሰበት ቦታ ላይ ችካል ትከሉ። ማረሻውን አንስታችሁ ያንኑ ርቀት ሂዱና ዙሩን ቁጠሩ። 9 ከሆነ መንሸራተቱ 10 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። 8.5 ከሆነ 15 በመቶ፤ ድንበሩ ላይ ናችሁ። 7 ከሆነ ከምታቃጥሉት ናፍጣ ቀላል የማይባለው አፈር ለመፋቅ እየዋለ ነው። 9.5 ካለፈ ደግሞ ክብደቱ በዝቷል፤ አውርዱ።

ክብደት ከመጨመር በፊት የጎማውን ጥርስ እዩ። የዲስኩን ስለት እዩ። ጥልቀቱን ትንሽ ቀንሱ። ካልሆነ የኋላ ጎማውን ውኃ ሙሉት። ቫልቩን ወደ ላይ አዙሮ ውኃው ቫልቩ ጋ እስኪደርስ መሙላት ነው፤ ይህ ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። ቀሪው የንፋስ ቦታ ነው፣ አትድፈኑት። በአንድ ትልቅ የኋላ ጎማ ከ200 ኪሎ በላይ ታገኛላችሁ፤ ውኃውም በነጻ ነው። ብርድ አገር ውኃው በረዶ እንዳይሠራ ጨው ይጨመርበታል። እኛ ዘንድ ይህ አያስፈልግም፤ ጨው ቸርኬውን ከመብላት ሌላ አይሠራልንም። ብቻ ጎሚስታው ነገሩን የሚያውቅ ይሁን። ሳያውቅ ቫልቩን ፈትቶ ፊቱን የታጠበ አይቻለሁ።

ከፎገራ፦ «ለሩዝ ጭቃ ውስጥ ስንገባ ብረቱን እንተወው?»

አውርዱት። ርብና ጉማራ ያራሱት መሬት ላይ የሚያሰምጠው ክብደት ነው። ጭቃ ውስጥ የሚረዳው ከኋላ ጎማው ጎን የሚታሰረው የብረት ጎማ ነው። ፊቱ ግን ያን ጊዜም 20 በመቶው ሊኖረው ይገባል፤ ስለዚህ ከባዱን ማረሻ ፈትታችሁ ቀለል ባለው ሥሩ።

ከባሕር ዳር፦ «በተሳቢ አሸዋ አመላልሳለሁ። ዳገት ላይ ፊቱ ይነሳል። ተሳቢውን የማስረው ላይኛው መያዣ ላይ ነው፤ ዝቅ ካለ ይነካል ብዬ። ብረት ልጨምር?»

ወንድሜ፣ ብረቱን ተወውና ተሳቢውን ዛሬውኑ ወደ ታች አውርደው። ከኋላ አክስሉ በላይ የታሰረ ጭነት ትራክተሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ፊቱ ከተነሳ ተገልብጦ እስኪያበቃ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ፍሪሲዮን ለመርገጥ አስበህ እስክትረግጥ አልቋል። ተሳቢ የሚታሰረው ታች ባለው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው። አሸዋውንም ወደ ተሳቢው የፊት ጫፍ አትከምረው፤ ክብደቱ መጎተቻው ላይ ያርፍና ፊትህን ያቀልብሃል። እነዚህን አስተካክለህ ፊቱ አሁንም ከቀለለህ ያኔ ስለ ብረት እናወራለን።

ከጎርጎራ፦ «ፊት ላይ የሚያነሳ አካፋ ባለው ትራክተር እምቦጭ ከውኃ ዳር እናወጣለን። የፊት ብረቱ ይጨመር ወይ?»

ተቃራኒው ነው። አካፋው ራሱ የፊት ክብደት ነው፤ እምቦጭ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ሲያዩት ቅጠል ሲያነሱት ድንጋይ። የፊት ብረቱን አውርዳችሁ ከኋላ ጫኑ። የኮንክሪት ሳጥን ሃይድሮሊኩ ላይ ብታንጠለጥሉ በቂ ነው። አካፋውን ከፍ አድርጋችሁ አትሂዱ፣ በተለይ ዳርቻው ወደ ውኃው በሚያዘነብልበት።

ከመሸንቲ፦ «ከአራቱ ብረት ሁለቱ ሌሊት ተወሰዱብኝ። ምን ይሻላል?»

30 ኪሎ ብረት ሁለት ጊዜ ተሸክሞ አጥር የዘለለ ሰው እርሻ ላይ ቢቀጠር ምን ያህል ይሠራ ነበር! በቀሪዎቹ መሐል ረጅም ብረት አሳልፈው ሰንሰለትና ቁልፍ ያድርጉበት። ዳዶውን አስበይድ ብሎ የሚመክርዎትን አይስሙ፤ ጭቃ ሲመጣ ማውረድ ያቅትዎታል። ሰንሰለቱን ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይዩ፤ የቀሩት ሁለቱ በአንድ ወገን ከሆኑ ዛሬውኑ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ያድርጓቸው።