ታብሌቴን ወደ አንድሮይድ 10 መመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ሳምሰንግ ታብ ኤ 8.0 (2019) አለኝ። አንድሮይድ 11 ከጫንኩበት ወዲህ ተንቀራፈፈ። ወደ 10 ይመለሳል? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ በሴቲንግ የሶፍትዌር መረጃ ውስጥ ቢልድ ነምበሩን ይመልከቱ። ከመጨረሻው 5ኛው ምልክት የቡትሎደሩ (ታብሌቱ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ደረጃ ነው። የሚጭኑት የአንድሮይድ 10 ፋይል ደረጃ ከዚያ ካነሰ ታብሌቱ አይቀበለውም፤ «እሠራዋለሁ» ለሚልዎት ገንዘብ አይክፈሉ።

እኩል ከሆነ ይቻላል። ሁሉም ስለሚጠፋ ፎቶዎን ይገልብጡ፤ የጉግል አካውንትዎን ከታብሌቱ ያስወግዱ፣ አለዚያ ሲከፈት የድሮውን የይለፍ ቃል ይጠይቅዎታል። በኦዲን (የሳምሰንግን ሶፍትዌር ከኮምፒውተር የሚጭን ፕሮግራም) ፋይሎቹን ሲያስገቡ፣ በስማቸው መጀመሪያ ከሚለዩት ሁለት ፋይሎች ሆም ሲኤስሲን (HOME_CSC) ሳይሆን ሲኤስሲን (CSC) ይምረጡ፤ ሆም ሲኤስሲ የ11ን ዳታ ስለማያጠፋ ታብሌቱ አርማው ላይ ተገትሮ ሊቀር ይችላል። መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ይጠቀሙ።

እኛ ግን መጀመሪያ ፋክተሪ ሪሴት (ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ታብሌቱን እንደ አዲስ ማስጀመር) ይሞክሩ እንላለን።