ሮማኒያ ውስጥ በኮንዶ ዋጋ ቤተመንግስት አየሁ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ባጭሩ ያልሽው ትራንሲልቫኒያ ውስጥ ግንብ ያለው የድሮ የመሳፍንት ቤት ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ኮንዶሽ ባነሰ ዋጋ ለሽያጭ ወጥቷል፣ እውነት ነው ወይ፣ በአሜሪካ ፓስፖርት መግዛት እችላለሁ ወይ፣ ከዛ ገስት ሃውስ ላርገው፣ ዋና ከተማው ቡካሬስት ውስጥም የቅንጦት ቪላ አይቻለሁ፣ እዛ ካፌ ምናምን ልክፈት ነው። ኮሜንት ላይ ግማሹ ሰው "ስካም ነው ተይው" ብሎሻል፣ ግማሹ ደግሞ "ፍጠኚ ሳይሸጥ"፣ ሁለቱንም አትስሚ። እኔ ለትምህርት ሮማኒያ መጥቼ ትራንሲልቫኒያ ያለችው ብራሾቭ ከተማ አግብቼ የቀረሁ ነኝ፣ የምሰራውም የድሮ ቤቶችን የሚለካና የሚያጠና የአርክቴክት ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ገዢ ሲመጣ አብሬ ሄጄ አያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር አይተው ከሚገዙት አይተው የሚመለሱት ይበዛሉ።

ዋጋው እውነት ሊሆን ይችላል። እንደዚህ አይነት ቤት የሚረክሰው ግን ብዙ ጊዜ ከግንቡ ይልቅ በወረቀቱ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ፎቶውን ለጊዜው እርሺውና ቤቱ በ1949 የማን ነበር፣ ከዛስ በማን እጅ አለፈ የሚለውን ጠይቂ። (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

የኛን የትርፍ ቤት አዋጅ ቤተሰቦችሽ አውርተውሽ ከሆነ እዚህ የሆነውን ለመረዳት አይከብድሽም። ማርች 1949 ላይ በአንድ ሌሊት፣ ከ2 ወደ 3 አጥቢያ፣ ኮሚኒስቶቹ የቀሩትን ባለርስቶች ከነልብሳቸው ከቤታቸው አስወጥተው በተመደበላቸው ከተማ ውስጥ በግዳጅ እንዲኖሩ አደረጓቸው፣ በ1950 ደግሞ የከተማ ቤቶች ተወረሱ። ኮናክ የሚሏቸው የገጠር መኳንንት ቤቶች የህብረት እርሻ ቢሮ ሆኑ፣ ትምህርት ቤት ሆኑ፣ የህጻናት ማሳደጊያ ሆኑ፣ እህል የተከመረባቸውም አሉ። ኮሚኒስቶቹን ከጣለው የ1989 አብዮት በኋላ ነው ነገሩ የተወሳሰበው፣ የ1995ቱ ህግ በተወረሰ ቤት የሚኖር ተከራይ ቤቱን ከመንግስት በርካሽ እንዲገዛ ፈቀደ፣ በ2001 የወጣው ህግ ቁጥር 10 ደግሞ ከማርች 6 1945 እስከ ዲሴምበር 22 1989 ያለአግባብ የተወሰደው ለባለቤቱ ወይ ለወራሹ ይመለስ አለ፣ እና አንዱ ቤት ሁለት "ህጋዊ" ባለቤት አገኘ ማለት ነው። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1999 ብሩመረስኩ በሚባለው ክስ ሮማኒያን ጥፋተኛ ካላት በኋላ እንኳን ክሱ በላይ በላይ እየተደረበ ነው የሄደው። አንዳንድ ወራሽ ደግሞ ክርክሩ ሲሰለቸው የመጠየቅ መብቱን ብቻ ለነጋዴ ሸጦ ሄደ። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ "ሻጭ" ብለሽ የምታይው ሰው እውነተኛ ወራሽም፣ የድሮ ተከራይም፣ ክርክር የገዛ ነጋዴም ሊሆን ይችላል።

የድራኩላ ቤተመንግስት እየተባለ የሚጠራውን ብራን ካስልን ሁሉም ስለሚያውቀው በሱ ላስረዳሽ። በ1920 ለሮማኒያ ንግስት ማሪ የተሰጠ ነው፣ ከሷ ወደ ልጇ ልዕልት ኢሌያና አለፈ፣ በ1948 ተወረሰ፣ ለኢሌያና ልጆች የተመለሰው በ2006 ነው፣ ከ2009 ጀምሮ በግል ሙዚየምነት ይሰራል። እንግዲህ የንጉሳውያን ዘር፣ አለም ያወቀው ስም፣ ጥሩ ጠበቃ ይዘው ነው ይሄ ሁሉ ዘመን የፈጀው። በነገራችን ላይ ማስታወቂያው ላይ ድራኩላ የሚል ስም ካየሽ ዋጋው ላይ የተጨመረ ነገር አለ ማለት ነው፣ የድራኩላ ስም የመጣበት የድሮው መስፍን ቭላድ ጸፔሽ ብራንን እንኳን በባለቤትነት ይዞ አያውቅም።

አንድ ጀርመን የሚኖር ያገራችን ልጅ ያሽ የሚባል ከተማ አካባቢ ያለች ኮናክ ወደደና አብረን ሄድን። ቤቷ እውነትም ታምራለች፣ በረንዳዋ በእንጨት አምድ የተሰራ፣ ፊት ለፊቷ የሊንደን ዛፍ ያለው ግቢ፣ እሱማ ሰርግ ሲደገስባት ሁሉ ታይቶት ነበር። የመሬት መዝገቡን፣ እዚህ ካርቴ ፉንቻራ ነው የሚሉት፣ አውጥተን ስናይ ቤቷ በሶስት ወራሾች ስም ናት፣ ሁለቱ ሊሸጡ ፈርመዋል፣ ሶስተኛዋ ውጭ አገር ናት፣ አድራሻዋን የሚያውቅ የለም። ያ ይሁን ቢባል እንኳን ዛፎቹ ያሉበት ግቢ በቀበሌው ስም ነው፣ ከዋናው መንገድ እስከ በሩ ያለው መግቢያ ደግሞ ከ1991 በኋላ መሬት ሲመለስ ለአንድ የመንደሩ ገበሬ የደረሰ። ሰውየው ምንም ክፋት የለበትም፣ ጠላ ቢጤ አምጥቶ ጋብዞናል፣ ግን "መንገዱን ትሸጥልናለህ ወይ" ሲባል የጠራው ዋጋ የቤቷን ግማሽ ነው። ልጁ እዛው ተወው። ደላላው ይሄን አንዱንም አልነገረንም፣ ውሸትም አልተናገረም፣ ያልተጠየቀውን ዝም ነው ያለው።

አሁን ወደ ፓስፖርትሽ። የአውሮፓ ህብረት ዜጋ ብትሆኚ ቀላል ነበር፣ የቤት መሬት ከ2012፣ የእርሻ መሬት ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘሽ ግን ህንጻውን በስምሽ መያዝ ትችያለሽ፣ መሬቱን በግዢ አትችይም፣ በህጉ መሰረት ለሶስተኛ አገር ሰው መሬት የሚፈቀደው በሁለቱ አገሮች መሀል ስምምነት ካለ ነው ወይም በህግ ከወረሰ። ሰው የሚያደርገው ምንድነው፣ እዚህ ኤስ ኤር ኤል የሚባል እንደኛ ፒኤልሲ ያለ ካምፓኒ ይከፍትና በካምፓኒው ስም ይገዛል፣ ህጋዊ ነው፣ መቶ በመቶ ያንቺ ሊሆን ይችላል። ሌላው መንገድ መሬቱ የሻጩ ሆኖ ይቀርና አንቺ እስከ 99 አመት መሬቱ ላይ ቤት የመያዝ መብት ትወስጃለሽ፣ ይሄኛውን ለገስት ሃውስ አልወደውም። ካምፓኒ ሲባል የሂሳብ ሰራተኛ በየወሩ ይከፈለዋል፣ ብትሸጪም ታክሱ ሌላ ነው፣ እሱን ከመግዛትሽ በፊት አስልተሽ ግቢ። አንዳንዱ "በሀበሻ ጓደኛዬ የጣሊያን ፓስፖርት ልግዛው" ይላል፣ እባክሽ እንዳታስቢው።

ቤቱ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ላይ ካለ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። መዝገቡ ላይ ወደ 30 ሺህ ገደማ ቅርስ አለ፣ እያንዳንዱ ኮድ አለው፣ ኮዱ ውስጥ ኤ ካለ አገር አቀፍ ነው፣ ቢ ካለ የአካባቢው። በ2001 በወጣው ህግ 422 መሰረት ሻጩ መጀመሪያ መንግስትን "ትገዛለህ ወይ" ብሎ በጽሁፍ መጠየቅ ግዴታው ነው፣ የባህል መስሪያ ቤቱ እስከ 25 ቀን አለው፣ ካልፈለገ ለአካባቢው አስተዳደር ያልፍና እነሱም እስከ 15 ቀን አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ ብር ስለሌላቸው አይገዙም፣ ወረቀቱ ግን የግድ ነው፣ ያለሱ የተፈረመ ሽያጭ ከመሰረቱ ውድቅ ነው። ሻጭ "እሱን በኋላ እንጨርሰዋለን፣ አሁን ቀብድ ላኪ" ካለሽ ስልኩን ዝጊ። ከገዛሽ በኋላም እንደልብሽ ማፍረስም መጨመርም የለም፣ ፕላኑን የሚሰራው ከባህል ሚኒስቴር እውቅና ያለው ባለሙያ ነው፣ ፈቃዱ ይቆያል፣ መስኮቱን አውጥተሽ ቴርሞፓን የሚሉትን የፕላስቲክ መስኮት ልግጠም ብትይ አይሆንም።

ቤቱን ስታይ ሳሎኑን ትተሽ ጣሪያውንና ምድር ቤቱን እይ። የነዚህ ቤቶች ግድግዳ ድንጋይና ጡብ በኖራ የተያያዘ ነው፣ ውሃ ይመጣል ይተናል፣ በህብረት እርሻው ዘመን ወይ ከዛ በኋላ አንድ ሰው "ላሳምረው" ብሎ ሲሚንቶ ከለጠፈበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ወደ ላይ ይወጣል፣ የወለሉ አግዳሚ እንጨት ግድግዳው ውስጥ የገባበት ጫፍ ይበሰብሳል። አዲስ የተቀባ ቀለም የሚሸት ከሆነ እኔ ይበልጥ እጠራጠራለሁ። የማደሻው ወጪ ከመግዣው መብለጡ እዚህ የተለመደ ነው፣ ማሞቂያውን ሳንጨምር ማለት ነው። ብራሾቭ አጠገብ ቦድ በሚባል መንደር በ1942 ከዜሮ በታች 38 ነጥብ 5 ተመዝግቧል፣ አሁን እንደዛ ባይሆንም ጣሪያው አምስት ሜትር የሆነ ሳሎን በጃኑዋሪ ማሞቅ ምን ማለት እንደሆነ ሜሪላንድ ሆኖ አይገባም። ድብም አለ፣ ቀልዴን አይደለም፣ ቆሻሻሽን ውጭ ካሳደርሽ ይመጣል።

ለገስት ሃውስ ከሆነ እኔ ካስሉን ትተሽ የሳክሰኖቹን ቤት ብታይ ነው የምመክርሽ። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ ሳክሰኖች እዚህ ስምንት መቶ አመት ያህል ኖረው፣ የኮሚኒስቱ መሪ ቻውሼስኩ ምዕራብ ጀርመንን በነፍስ ወከፍ እያስከፈለ ሲለቃቸው ከረመ፣ ድንበሩ ሲከፈት ደግሞ በ1990 ብቻ ከ100 ሺህ በላይ ጀርመኖች ከሮማኒያ ወጡ። መንደሮቹ ግን አሉ፣ ቪስክሪ፣ ቢዬርታን፣ መሀላቸው ምሽግ የሚመስል ቤተክርስቲያን፣ ቤቶቹ ትልቅ በር፣ ረጅም ግቢ፣ ከኋላ ጎተራ። የእንግሊዙ ቻርልስ ገና ልዑል እያለ በ2006 ቪስክሪ ላይ ቤት ከገዛ ወዲህ እዛ ዋጋው ጨምሯል፣ ግን ስማቸው ያልወጣ መንደሮች ሞልተዋል፣ ጎተራው ብቻ አራት አምስት ክፍል ይወጣዋል። እዚህም ወረቀት አይቀርልሽም፣ በ1974ቱ አዋጅ አገር ለቆ የሚወጣ ሰው ቤቱን ለመንግስት ማስረከብ ነበረበት፣ ስለዚህ ጀርመን ያለ ወራሽ ጥያቄ አቅርቦ እንደሆነ በመዝገቡ አጣሪ።

ቡካሬስት ውስጥ ስላየሽው የቅንጦት ቪላ ደግሞ ብዙ አልልም። ፕሪመቨሪ የድሮ የፓርቲ ባለስልጣናት ሰፈር ነው፣ የቻውሼስኩ ቤት ራሱ እዛ ሙዚየም ሆኗል፣ ሚሊዮን ዩሮ መስማት ብርቅ አይደለም። ኮትሮቼኒ ይበልጥ ደስ ይላል፣ ዛፍና ትናንሽ የድሮ ቪላዎች። መሀል ከተማ ያሉትን የሚያማምሩ የ1930ዎቹ አፓርትመንቶች ግን በራቸው አካባቢ ቀይ ክብ ምልክት ካለ አንድ ነገር እወቂ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ አደጋ አንደኛ ደረጃ ማለት ነው። በማርች 4 1977 ከ1500 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ አብዛኛው ቡካሬስት ውስጥ። ባንክ ለነዚህ ብድር መስጠት አይፈልግም፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሰው የሚሰበሰብበት ንግድ እዛ መክፈት ተከልክሏል፣ ካፌ ምናምን ያልሽው እዛ ላይ ያበቃል። ምልክት የለም ማለት ደህና ነው ማለትም አይደለም፣ ያልተጠና ህንጻ ብዙ ነው፣ ሻጩን የኢንጂነር ጥናት አምጣ በይው።

እስካሁን ምንም ብር ካልላክሽ የማስታወቂያውን ሊንክ፣ ቤቱ ያለበትን መንደርና የካርቴ ፉንቻራ ቁጥሩን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፊ። ከመዝገቡ ኮፒ ማውጣት ጥቂት ሌይ (የዚህ አገር ገንዘብ) ነው፣ ኦንላይን ይወጣል፣ አውጥቼ በማን ስም እንደሆነ፣ እዳና ክስም ካለበት እነግርሻለሁ። ሻጩ ቁጥሩን አልሰጥም ካለሽ ግን ለትኬት እንኳን እንዳታወጪ።