ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች፣ ስለ ኮንፊደንስ አንዳንድ ነገር

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለፋብሪካ በጥገና ሥራ ያረጀሁ መካኒክ ነኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ ቁጭ ብያለሁ፣ የሰፈር ልጆች ግን አያስቀምጡኝም፣ ጋሼ ኮንፊደንስ እንዴት ነው የሚመጣው ይሉኛል፣ ኢንተርቪው ስንገባ ምላሳችን ይተሳሰራል፣ ሰው ፊት ስንቆም ያልበናል። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሞቲቬሽን የሚሰሩት ሰዎች መስታወት ፊት ቆማችሁ «እችላለሁ» በሉ ይሏችኋል። በሉ፣ አይከፋም፣ ግን ጭንቅላታችሁ ሞኝ አይደለም፣ «እስቲ ምን ሰርተህ?» ይላል፣ የምታሳዩት ነገር ከሌለ አያምናችሁም። አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነልቦና ምሁር በፈረንጅ 1977 ይሄን ነገር ጽፎታል፣ ሰው እችላለሁ ብሎ እንዲያምን ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ራሱ ሰርቶ የተሳካለት ነገር ነው አለ፣ የሰው ማበረታቻ ከዛ በታች ነው የሚመጣው።

ወርክሾፕ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ የመጣች። ሺፍት ሲቀየር ማሽን ማስረከብ አለ፣ ምን እንደተሰራ ምን እንደቀረ ለሚገባው ሰው መናገር ማለት ነው፣ እሷ ግን እዛ ሰዓት ላይ ከሰው ጀርባ ነው የምትቆመው፣ ሥራውን አሳምራ እያወቀችው ድምጿ አይሰማም። ተናገሪ ብዬ አላስጨነቅኳትም። አብሽሪ፣ ከመውጣትሽ በፊት ሎግቡኩ ላይ፣ የማሽኑ መመዝገቢያ ደብተር ላይ ማለት ነው፣ ሦስት መስመር ጻፊ አልኳት፣ ማሽኑ ዛሬ ምን ሆነ፣ አንቺ ምን ሰራሽበት፣ ምን ቀረ፣ ከዛ የጻፍሽውን ለሚረከብሽ ሰው አንብቢለት። መጀመሪያ ሰሞን «ደህና ነው» ብቻ ትጽፍ ነበር፣ ቆይታ ግን «የሞተሩ ቤሪንግ ሞቋል፣ ግሪስ ሰጥቻለሁ፣ ማታ ይታይ» ማለት ጀመረች። የሆነ ቀን ያ ቤሪንግ ተበላና ማሽኑ ቆመ፣ አለቆች መጥተው ጥገና ክፍል ተኝታችሁ ነበር ወይ ብለው ሲጮሁ ሁላችንም መሬት መሬት ስናይ ይቺ ልጅ ሎግቡኩን ገለጠችና «ከማክሰኞ ጀምሮ እየሞቀ ነው፣ በየቀኑ ጽፌዋለሁ፣ መለዋወጫም ተጠይቋል» አለቻቸው። ያቺ ከሰው ጀርባ የምትቆመው! እጇ ላይ ማስረጃ ስለነበር ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

እናንተም ደብተር ያዙ። የምትጽፉት ሥራ ትንሽ ይሁን፣ ትንሽ ስል በጣም ትንሽ። እንግሊዝኛ ላሻሽል የሚል ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት አጠናለሁ ብሎ ይፎክርና ሳምንት ሳይሞላው ይተወዋል፣ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ቢያነብ ይበቃዋል። ሰዓቱን ደግሞ አዲስ አትፍጠሩ፣ ቀናችሁ ውስጥ ቀድሞ የቆመ ነገር ላይ አስጠጉት፣ ሱብሂ የሚሰግድ ከሱብሂ በኋላ፣ ቤተክርስቲያን የሚሳለም ተሳልሞ ሲመለስ፣ ቤት ቡና የሚፈላ ከሆነ አቦሉ እስኪቀርብ። ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ሐረጎ ላይ ሚኒባሱ ሲጠማዘዝ ማንበብ ያጥወለውላል፣ እዛ ጋ በጆሯችሁ አዳምጡ። ሌሊት 11 ሰዓት ያልተነሳ አይሳካለትም የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም፣ የሌሊት ሺፍት የሚሰራ ሰው መቼ ሊተኛ ነው? የደሴ ብርድ ከብርድ ልብስ አላስወጣ ካላችሁ ማታ አድርጉት።

21 ቀን ካደረግከው ልማድ ይሆናል የሚባለውንም እርሱት። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 2010 ባወጡት ጥናት 96 ሰዎች አንዳንድ ትንሽ ነገር መርጠው በየቀኑ እንዲያደርጉ አድርገው ተከታተሏቸው፣ ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን 66 ቀን ገደማ ነው የፈጀው፣ እንደ ሰዉና እንደ ሥራው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ወር ሞልቶ አሁንም ከከበዳችሁ አትደንግጡ። አንድ ቀን መዝለል ብዙ እንደማይጎዳም አይተዋል፣ ስለዚህ ዛሬ ካመለጣችሁ ነገ ቀጥሉ እንጂ በዛው አትተዉት።

ግን አልዋሻችሁም፣ ልማድ ሥራ አይፈጥርም። በ2014ቱ ጦርነት ከተሞቻችን ምን እንደደረሰባቸው አይታችኋል፣ ዲግሪ ይዞ ፒያሳ የሚቀመጠውን ልጅ ሁሉ ሰነፍ የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ደብተሩ የሚጠቅማችሁ በሩ የተከፈተ ቀን ነው። ቅጥር ኮሚቴ ላይ ስቀመጥ «ታታሪ ነኝ፣ ቲም ወርክ እወዳለሁ» የሚለውን ሰምቼ ሰምቼ ጆሮዬ ደንዝዟል፣ አንዱ መጥቶ «ባለፈው ወር የአጎቴን ሱቅ ሂሳብ በኤክሴል ሰራሁለት፣ እዚህ ጋ ተቸገርኩ፣ እንዲህ አድርጌ ፈታሁት» ሲል ግን ብዕሬን አስቀምጬ ነው የምሰማው።

ወረቀት ደብተር ይሁን፣ ስልክ ላይ ልጽፍ ብላችሁ ከገባችሁ ቲክቶክ ላይ ነው የምትገኙት። ቀኑን ጻፉ፣ ሦስት መስመር፣ ያመለጣችሁን ቀን ባዶ ተዉት፣ በኋላ ቁጭ ብላችሁ አትሙሉት። ኢንተርቪው ያላችሁ በዋዜማው ማታ የመጨረሻዎቹን ገጾች አንብቡና ከዛ ውስጥ ሁለት ነገር መርጣችሁ ለእህት ለወንድማችሁ ጮክ ብላችሁ ንገሩ። ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ፣ ዓይኔ ስለደከመ ልዘገይ እችላለሁ እንጂ እመልሳለሁ።