የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የ2021ዱ የፎርሙላ ዋን ክርክር ዛሬም አልበረደም

እ.ኤ.አ. በ2021 የሬድ ቡሉ ማክስ ቬርስታፐንና የመርሴዲሱ ሉዊስ ሃሚልተን ለዓለም ሻምፒዮንነት ያደረጉት ትንቅንቅ ካበቃ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሆኖም ስለ መኪና እሽቅድምድም በጻፍን ቁጥር የሚደርሱን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው ወደዚያው ዓመት ይመለሳሉ። ከእነዚህ መካከል አምስቱን መርጠን መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አቡ ዳቢ ነው። የመጨረሻውን ውድድር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆኜ ተከታትያለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «የውድድሩ ዳይሬክተር የደህንነት መኪናውን (አደጋ ሲደርስ ከፊት ወጥቶ ሌሎቹን በዝግታ የሚመራውን መኪና) እንደፈለገ የማዘዝ ሥልጣን ስለነበረው የተጣሰ ሕግ የለም» ይላል፤ እኔ ደግሞ ሃሚልተን በጠራራ ፀሐይ ተዘርፏል ባይ ነኝ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ደንቡን በተመለከተ እውነቱ ወደ እርስዎ ያደላል፤ «ተዘርፏል» በሚለው ግን አልስማማም። ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ተፎካካሪዎች ወደ አቡ ዳቢው የያስ ማሪና ትራክ የገቡት እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ነበር። ከ58ቱ ዙሮች በ53ኛው ላይ የዊሊያምሱ ኒኮላስ ላቲፊ ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ፣ ሃሚልተን ውድድሩን ከ10 ሰከንድ በሚበልጥ ልዩነት እየመራ ነበር። የደህንነት መኪናው እንደወጣ ቬርስታፐን ወዲያው ወደ ጎማ መቀየሪያው ስፍራ፣ ወደ ፒት፣ ገብቶ አዲስ ለስላሳ (ቶሎ ቢያልቅም ይበልጥ ፈጣን የሆነ) ጎማ አስገጠመ። ሃሚልተን ግን ጎማ ልቀይር ቢል መሪነቱን የሚያስረክብ በመሆኑ ከ14ኛው ዙር ጀምሮ ሲነዳበት በቆየው ጠንካራ ጎማ ለመቀጠል ተገደደ። በሁለቱ መካከል አምስት የተደረቡ፣ ማለትም በመሪው ሙሉ ዙር የተቀደሙ፣ መኪኖች ነበሩ።

የወቅቱ የስፖርት ደንብ አንቀጽ 48.12 እንደሚለው፣ የተደረቡ መኪኖች የደህንነት መኪናውን አልፈው ወደ ሰልፉ ጭራ እንዲዞሩ ከተፈቀደ፣ የመጨረሻዋ የተደረበች መኪና መሪውን ካለፈች በኋላ የደህንነት መኪናው ከመንገድ የሚወጣው በተከታዩ ዙር መጨረሻ ላይ ነው። የውድድሩ ዳይሬክተር ማይክል ማሲ በመጀመሪያ የተደረቡ መኪኖች ማለፍ እንደማይፈቀድላቸው አስታወቁ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ በሃሚልተንና በቬርስታፐን መካከል የነበሩት ኖሪስ፣ አሎንሶ፣ ኦኮን፣ ሌክሌርና ፌተል ብቻ እንዲያልፉ አዘዙ። ከቬርስታፐን ኋላ የነበሩት ሪካርዶና ስትሮል ባሉበት ቀሩ። በዚህም ምክንያት ሦስተኛ ሆኖ ይከተል የነበረው የፌራሪው ካርሎስ ሳይንዝ ከፊቱ ያሉትን ሁለቱን ለመታገል ምንም ዕድል አላገኘም፤ ስለ ሳይንዝ በደል የሚጽፍልን ደጋፊ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የደህንነት መኪናውም ተጨማሪውን ዙር ሳይጠብቅ በዚያው በ57ኛው ዙር መጨረሻ ወጣ፤ ቬርስታፐንም በቀረችው አንዲት ዙር በአምስተኛው ማዕዘን ላይ ሃሚልተንን አለፈ።

በዚያች ቅጽበት በደንቡ ውስጥ የሚያስኬዱ መንገዶች አልጠፉም ነበር። የተደረቡትን ሁሉ አሳልፎ አንድ ዙር መጠበቅ ይቻል ነበር፤ ያኔ ውድድሩ ከደህንነት መኪናው ኋላ ያልቃል። ማንንም ሳያሳልፉ ውድድሩን ማስጀመርም ይቻል ነበር፤ ያኔ ቬርስታፐን በአንድ ዙር ውስጥ መጀመሪያ አምስት መኪኖችን ማለፍ ይኖርበታል። በዚያው ዓመት በባኩ እንደተደረገው ቀይ ባንዲራ አውጥቶ ውድድሩን ማቆምም ነበር፤ ያኔ ሁለቱም አዲስ ጎማ አስገጥመው ከቆሙበት ይነሳሉ። የተመረጠው ግን ከሦስቱ አንዱም አልነበረም።

መርሴዲስ ያቀረበውን አቤቱታ ዳኞቹ ውድቅ ያደረጉት፣ ጓደኛዎ እንደሚሉት፣ አንቀጽ 15.3 የደህንነት መኪናውን አጠቃቀም ለዳይሬክተሩ ሥልጣን ይተዋል፣ መኪናው በዚህ ዙር ይወጣል የሚለው ማስታወቂያ ከተነገረ በኋላም መውጣቱ ግዴታ ይሆናል በሚል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ አተረጓጎም አያስኬድም፤ ሥልጣን ለአንድ ሰው መስጠት ማለት ከሥሩ የተዘረዘረውን ሥነ ሥርዓት እንዳልነበረ መቁጠር ከሆነ፣ ሥነ ሥርዓቱ መጀመሪያውኑ ለምን ተጻፈ ያሰኛል። ይሁንና ዳኞቹ ከዚሁ ጋር ያነሡት ሌላ ነጥብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መርሴዲስ ውጤቱ በ57ኛው ዙር መጨረሻ በነበረው አሰላለፍ እንዲስተካከል ሲጠይቅ፣ ዳኞቹ ይህ ያለቀን ውድድር ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳጠር እንደሚሆን ገልጸው አልተቀበሉትም። ቬርስታፐን ያደረገው አረንጓዴ ባንዲራ ሲወጣ መንዳት ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ለፈጸመው ጥፋት ከእርሱ ላይ ነጥብ የሚቀንስ አንቀጽ የለም። «ተዘርፏል» የሚለውን ያልተቀበልሁትም ሌባው ማን ሊሆን ነው ብዬ ነው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ ፊያ፣ በየካቲት 2022 ማሲን ከኃላፊነታቸው አነሣ፤ በቀጣዩ ወር ባወጣው ሪፖርትም የተፈጸመው በቅን ልቦና የተሠራ የሰው ስሕተት መሆኑንና ውጤቱ እንደሚጸና አስታወቀ። ደንቡም «ሁሉም የተደረቡ መኪኖች» በሚል ተስተካከለ።

ጥያቄ፦ ቬርስታፐን ያሸነፈው መኪናው ፈጣን ስለነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ የሃሚልተንን ሞተር የሚያነሱም አሉ። በዚያ ዓመት የትኛው መኪና ይበልጥ ነበር? (ከአዳማ)

መልስ፦ የዓመቱ የትኛው ወር ነው የሚለው ሳይመለስ ይህ ጥያቄ አይመለስም። መኪኖቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየፈጠኑ በመሄዳቸው ጎማዎቹ የሚሸከሙት ጫና አሳሳቢ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በ2021 ከኋላ ጎማዎች ፊት ያለው የመኪናው ወለል ጠርዝ በሰያፍ እንዲቆረጥ፣ ከኋላ በኩል ያሉ ትናንሽ ክንፎችም እንዲያጥሩ ተደረገ። ዓላማው መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነውን የአየር ኃይል መቀነስ ነበር። ቅነሳው ግን ሁሉንም እኩል አልጎዳም። ሬድ ቡል ያኔ መኪናውን ይሠራ የነበረው ኋላውን ከፍ፣ ፊቱን ዝቅ አድርጎ ነው። መርሴዲስ በተቃራኒው ረጅሙን ወለል ከመንገዱ ጋር ትይዩ በሚባል ደረጃ ዝቅ አድርጎ፣ ከሥሩ የሚያልፈው አየር በጎን እንዳያመልጥ ጠርዙን በአየር ሽክርክሪት ይዘጋው ነበር። ጠርዙ ሲቆረጥ ይበልጥ የተጎዳው ይህኛው አሠራር ነው። የመርሴዲስን ፈለግ የተከተለው ቡድን ምን እንደገጠመው ማየት ይበቃል፤ በ2020 ሬሲንግ ፖይንት ተብሎ አራተኛ የወጣው ቡድን በ2021 አስቶን ማርቲን ተብሎ ሰባተኛ ሆነ።

በዓመቱ መጀመሪያ የሬድ ቡል መኪና የተሻለ ነበር፤ ቡድኑ ከሞናኮ እስከ ኦስትሪያ አምስት ውድድሮችን በተከታታይ አሸንፏል። መርሴዲስ በእንግሊዙ የሲልቨርስቶን ውድድር ማሻሻያ ካመጣ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ፤ በኅዳር ወር ሃሚልተን በብራዚል አዲስ ሞተር ሲያስገጥም ደግሞ ሚዛኑ ጨርሶ ተገለበጠ። ሞተሩ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ስለነበር በመነሻ አሰላለፍ አምስት ደረጃ አስቀጥቶታል፤ ሆኖም በብራዚል፣ በኳታርና በሳዑዲ ዓረቢያ ተከታትሎ አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ቬርስታፐን 10፣ ሃሚልተን 8 ድል ነበራቸው፤ የቡድኖቹን ዋንጫ ግን በ613.5 ነጥብ የወሰደው መርሴዲስ ነው። አንዱ መኪና ዓመቱን ሙሉ የበላይ ነበር የሚል ሰው ግማሹን ዓመት ብቻ ነው የተመለከተው።

ጥያቄ፦ ሃሚልተን በብራዚል ከማጣሪያው የተሰረዘው በ0.2 ሚሊ ሜትር ነው መባሉ እውነት ነው? እንዲህ ያለ ቅጣት ተገቢ ነው ትላላችሁ? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ተገቢም ነው። በወቅቱ ደንብ የኋላው ክንፍ ተንቀሳቃሽ ክፍል ቀጥታ መንገድ ላይ ሲከፈት፣ በእርሱና በዋናው ክንፍ መካከል የሚኖረው ክፍተት ከ85 ሚሊ ሜትር መብለጥ አልነበረበትም። መርማሪዎች ይህን ይፈትኑ የነበረው በልኩ በተሠራ መለኪያ ነው፤ መለኪያው በክፍተቱ ውስጥ ካለፈ ክንፉ ፈተናውን ወድቋል ማለት ነበር። በሃሚልተን መኪና መለኪያው በግራና በመሃል አላለፈም፤ በቀኝ ጫፍ ግን አለፈ። ዳኞቹ ሆን ተብሎ የተደረገ አለመሆኑን ቢቀበሉም የማጣሪያ ውጤቱን ሰረዙ። በዚያው ቅዳሜና እሑድ ቬርስታፐን ከማጣሪያው በኋላ መኪኖች በቆሙበት የተቀናቃኙን ክንፍ በእጁ በመንካቱ 50,000 ዩሮ ተቀጥቷል።

በሚለካ ነገር ላይ አስተያየት ከገባ መለኪያው ትርጉም ያጣል። በሃንጋሪ ሁለተኛ የወጣው ፌተል የተሰረዘው ለምርመራ ከሚያስፈልገው 1 ሊትር ነዳጅ ውስጥ ከታንኩ ሊወጣ የቻለው 0.3 ሊትር ብቻ ስለሆነ ነው። ቡድኑ በታንኩ ውስጥ ተጨማሪ ነዳጅ አለ ብሎ ቢከራከርም አልተሰማም። የእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ክርክር በአጭር ጊዜ የሞተውም ዳኛው የሚመርጠው ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል። ሃሚልተን እንደሆነ የዋናውን ውድድር መነሻ አሰላለፍ በወሰነው የቅዳሜው አጭር ውድድር ከ20ኛ ተነሥቶ አምስተኛ ወጣ፤ በማግስቱም በሞተሩ ቅጣት ምክንያት ከ10ኛ ተነሥቶ አሸነፈ።

ጥያቄ፦ በቤልጂየም በዝናብ ምክንያት ውድድር ሳይካሄድ ግማሽ ነጥብ ተሰጥቷል። ሻምፒዮናውን የወሰነው ይህ አይደለምን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይደለም። ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በስፓ መኪኖቹ ከደህንነት መኪናው ኋላ ጥቂት ዙር ብቻ ተጉዘው ውድድሩ ተቋረጠ፤ ቬርስታፐን 12.5፣ ሃሚልተን 7.5 ነጥብ አገኙ። የመጨረሻው ውጤት 395.5 ለ387.5 ነበር። የስፓን ነጥብ ከሁለቱም ላይ ቢቀንሱ 383 ለ380 ይሆናል፤ ሻምፒዮኑ አይቀየርም። ያም ሆኖ አንድም የውድድር ዙር ሳይካሄድ ነጥብ ማደል አሳፋሪ ነበር፤ ከ2022 ጀምሮ ያለ ደህንነት መኪና ቢያንስ ሁለት ዙር ካልተነዳ ነጥብ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ሬድ ቡል በዚያ ዓመት ከተፈቀደው ወጪ በላይ ማውጣቱ ተረጋግጧል። ታዲያ ዋንጫው ለምን አልተነጠቀም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የወጪ ጣሪያው በሥራ ላይ የዋለው በዚያው በ2021 ሲሆን መነሻው 145 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፊያ በጥቅምት 2022 እንዳስታወቀው ቡድኑ ጣሪያውን በ1.6 በመቶ አልፏል፤ የግብር ተመላሽ ሒሳቡ በትክክል ቢያዝ ኖሮ ከጣሪያው ያለፈው ወጪ 0.37 በመቶ ብቻ ይሆን ነበር። ከ5 በመቶ በታች የሆነ ጥሰት በደንቡ እንደ ቀላል ይቆጠራል። ለቀላል ጥሰትም ነጥብ መቀነስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሬድ ቡል ጥፋቱን አምኖ ስምምነት በመፈረሙ 7 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ለ12 ወራትም የንፋስ ዋሻ ሙከራው፣ ማለትም መኪናው በአየር ፍሰት የሚፈተንበት ሰዓት፣ በ10 በመቶ ተቀነሰበት። እኔ ቅጣቱ ቀሏል ከሚሉት ወገን ነኝ። ለአንድ ታላቅ ቡድን ከገንዘቡ ይልቅ የሙከራ ሰዓቱ ነው የሚያመው፤ ነገር ግን የሰዓቱም ቅነሳ በትራኩ ላይ አልታየም። ሬድ ቡል በ2023 ከተካሄዱት 22 ውድድሮች 21ዱን አሸንፏል።