ለታሪክ ፒኤችዲ እንደገና ስታመለክት ስቴትመንቱን መጨረሻ ላይ ንካው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ባሕር ዳር ሆነህ፣ «የጣና ገዳማት ታሪክ» በሚል ርእስ አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ለፒኤችዲ አመልክተህ ሁሉም አልተቀበሉህም። አሁን «ዘንድሮም ልሞክር ወይስ ይብቃኝ? ከሞከርኩ ስቴትመንቴን (ምን ማጥናት እንደምፈልግና ለምን እንደሆነ የማስረዳበትን ጽሑፍ) እንዴት ላስተካክለው?» ነው ያልከው። እኔም እምቢ ተብዬ እንደገና አመልክቼ ነው የገባሁት። አሁን ለመስክ ሥራ እዚሁ ባሕር ዳር ስላለሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ሞክር። ስቴትመንቱን ግን ለጊዜው ተወው።

እምቢታው ሁልጊዜ ካንተ ድክመት የመጣ አይደለም። አንድ የታሪክ ትምህርት ክፍል በዓመት የሚወስደው ጥቂት ሰው ነው። ያም ቦታ ለአውሮፓ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካና ለሌላው ታሪክ ይከፋፈላል። አፍሪካ ላይ የሚሠሩት ፕሮፌሰር ጡረታ ሊወጡ ተቃርበው ይሆናል። አምና ተማሪ ስለወሰዱ ዘንድሮ ተራው የሌላ ሰው ሊሆንም ይችላል። ይህን በእምቢታው ኢሜይል ላይ አታገኘውም። ስለዚህ መስከረም ላይ ለፕሮፌሰሩ ጻፍላቸው። አምስት ስድስት መስመር ትበቃለች። ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደምትጠይቅና በሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ። «አልቀበልም» ካሉህ የማመልከቻውን ገንዘብ አተረፍክ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «የጣና ገዳማት ታሪክ» ርእስ ነው፤ ጥያቄ የለውም። ማመልከቻውን የሚመርጠው ኮሚቴ የሚፈልገው ጥያቄውን ነው።

የኔ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ሴት ስለሆንኩ ጣና ደሴቶች ላይ ያሉት ክብራን ገብርኤልም ዳጋ እስጢፋኖስም ገዳም አልገባም። ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ግን ችግር የለም። እዚያ አንድ ቀን አባ የብራና ወንጌል ከማኅደሩ አውጥተው ገለጡልኝ። እኔ ሥዕሎቹን ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያለውን ባዶ ቅጠል ነበር የፈለግሁት። በደቃቅ እጅ፣ ቀለሙ ከወንጌሉ በፈዘዘ ጽሑፍ፣ የመሬት ሽያጭ ሰፍሮበታል። ሻጭ፣ ገዥ፣ የምስክሮች ስም፣ ታች ደግሞ ውሉን በሚያፈርስ ላይ ግዝት። ሻጯ ሴት ናት። ገዳሙ የማን ውል ነበር የሚያስቀምጠው? ሴቶች ርስታቸውን እዚያ ማስመዝገብ ለምን ፈለጉ? ይሄ ጥያቄ ይሆናል። ያንተ ሌላ ይሆናል፤ ግን እንዲህ ከአንድ ወረቀት የሚነሣ ይሁን።

ቀጥሎ የሚመጣው «ሰነዱን እንዴት ታገኘዋለህ?» ነው። «ጣና አጠገብ ነው የምኖረው» ብቻ መልስ አይሆንም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ውጤት ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ከዚያ ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት የክብራንን ጨምሮ የደሴቶቹን ብራናዎች ፎቶ አንስቶ ካታሎግ አሳትሟል። የትኛው ብራና ላይ፣ የትኛው ገጽ ላይ ብለህ ስትጽፍ አንባቢው ቀና ይላል።

ይህን ሁሉ የምታሳይበት ቦታ ደግሞ ራይቲንግ ሳምፕሉ ነው፤ ከማመልከቻው ጋር የምትልከው የምርምር ጽሑፍህ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ገጽ ነው የሚጠይቁት። የማስተርስ መመረቂያህን የመጀመሪያ ምዕራፍ ቆርጠህ እንዳትልክ! የኛ አገር ቴሲስ አጀማመሩን ታውቀዋለህ፦ የአካባቢው አቀማመጥ፣ የአየር ንብረት፣ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ... ኮሚቴው ዝናቡ ሳያባራለት ሌላ ፋይል ይከፍታል። ሰነድ የምትተነትንበትን ምዕራፍ ውሰድ፣ በሰነዱ ጀምር፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ያሉትን አንሣና የት ላይ እንደማትስማማ ተናገር። በኔ ሁለተኛው ማመልከቻ ላይ ከሁሉም በላይ የተለየው ይሄ ነበር። ስቴትመንቱ ከሳምፕሉ በኋላ በሦስት ቀን ተጽፎ አለቀ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቅኔ ቤት ገብተሃል? እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ገብቶ ሲቪው ላይ አይጽፈውም፤ «መደበኛ ትምህርት አይደለም» ይላል። ጻፈው እንጂ! የውጭ ተመራማሪዎቹ ግእዝ ለመማር ስንት ዓመት ነው የሚለፉት። የት እንደተማርክ፣ ስንት ዓመት፣ ምን ማንበብ እንደምትችል በግልጽ አስቀምጥ። ጣልያንኛ ወይም ፈረንሳይኛ መጀመርም አይጎዳም።

መምህራን ስለ አንተ በሚጽፉት ደብዳቤ፣ በሪኮመንዴሽኑ ላይ ደግሞ ያቺን «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» የምትባለዋን ነገር ታውቃታለህ። በትሕትና አልፋት። «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ለማንም ይሆናል። ለመምህሩ ሳምፕልህን ስጣቸው፤ ክፍል ውስጥ የተከራከራችሁበትን ነገር አስታውሳቸው፤ ከዚያ በራሳቸው አንደበት ይጻፉ። በዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ቢልኩ ይመረጣል፤ አንዳንዱ ቦታ ጂሜይል አይወዱም። ሦስት ሰው ስለሚያስፈልግህ ጥቅምት ሳይገባ ያዛቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አንድ ማመልከቻ መቶ ዶላር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ በዶላር የሚከፈልበት ካርድም አለ አይባልም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጠየቁ ክፍያውን ይተዉታል። ግን ጥያቄው ከመዝጊያው ቀን ሳምንታት ቀድሞ መድረስ አለበት። መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ኔትወርኩ ደግሞ እንደ አመሉ በመዝጊያው ቀን እንደሚጠፋ ላንተ አልነግርህም፤ ሳምንት ቀድመህ ላክ። መልሱ የካቲትና መጋቢት ላይ ይመጣል።

ያልተቀበሉህን እንደገና መሞከር ነውር አይደለም። ያንኑ ፋይል መላክ ነው የማይሆነው። ጀርመንና እንግሊዝንም ጨምርበት፤ ሐምቡርግ ውስጥ የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለ። እዚያ አሠራሩ ይለያል፤ መጀመሪያ አማካሪ ታገኛለህ፣ የተሟላ ፕሮፖዛል ይፈልጋሉ። ለአሜሪካ የጻፍከው አይሆንም። ተቀብለውህ ገንዘብ የለም ካሉህ ግን አትሂድ። ለታሪክ ዶክትሬት ዕዳ ውስጥ መግባትን አልመክርም፣ ስሙ የፈለገውን ያህል ይግነን።

ሳምፕልህን በውስጥ መስመር ላክልኝና ላንብበው። ስቴትመንቱን ገና አትላክልኝ። ከሳምፕሉ ጋር የምፈልገው ጥያቄህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።