ስለ ሴፍትሪያክሶንና ዘመዶቹ ጠይቁኝ

ደሴ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ሴፍትሪያክሶን ባክቴሪያን የሚገድል፣ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። «ያን ጠንካራውን መርፌ ስጪኝ» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ጥያቄያችሁን ሰብስቤ ልመልስ።

ከኮምቦልቻ፦ «እህቴ፣ ሴፍትሪያክሶን ከአሞክሳሲሊን በምን ይለያል?»
አሠራራቸው አንድ ነው። ባክቴሪያን ዙሪያውን በካብ የታጠረ ማሳ አድርገህ አስበው። ሲያድግ ካቡን እያፈረሰ እየካበ ነው። መድኃኒቱ የሚክቡትን ፕሮቲኖች ይይዛቸዋል። ካቡ ይሳሳል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የእኛ ሴል ይህ ካብ ስለሌለው አይነካም። ልዩነቱ የሚደርሱበት ቦታና የሚገድሉት የባክቴሪያ ዓይነት ነው። ሴፍትሪያክሶን ሴፋሎስፖሪን ከሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ሦስተኛው ትውልድ ነው። ማጅራት ገትር ሲይዝ እስከ አንጎል ሽፋን ይዘልቃል። ሴፋሌክሲን ደግሞ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። በእንክብል ይዋጣል፣ ለቆዳ ቁስል ጥሩ ነው።

ከወልድያ፦ «ልጄን ጉንፋን ይዞታል፤ ይወጋልኝ?»
አብሽሪ እናቴ፣ አያስፈልገውም። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቫይረስ ካብ የለውም፣ መርፌው የሚያፈርሰው ነገር አያገኝም። ትንፋሹ ካጠረ ወይም ትኩሳቱ አልበርድ ካለ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።

ከሐይቅ፦ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም። ይሄንን ልወስድ እችላለሁ?»
ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ብዙ ሰው ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም ይላል፤ ሌላው ደግሞ አንዱ ያስቆጣው ሰው ሌላውም ያስቆጣዋል ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ፔኒሲሊን የሚያስቆጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴፋሎስፖሪን ይስማማዋል። ግን ያኔ የሆንከው ወሳኝ ነው። ሆድህን ከነካህ አለርጂ ላይሆን ይችላል። ከንፈርህ አብጦ፣ ትንፋሽህ አጥሮ ከነበረ ሳትናገር እንዳትወጋ። አንድ አባት መታወቂያቸው ውስጥ ያጠፏት ቢጫ ወረቀት አለች፤ የመድኃኒቱ ስምና «ፊቴ አበጠ» የሚል ተጽፎባታል። ያቺ ወረቀት ለኛ ወርቅ ናት።

ከከሚሴ፦ «በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ። ልተወው?»
ያዘዘልህን ሐኪም ሳትጠይቅ አትተው። ስሜቱ ሲሻልህ ባክቴሪያው ገና ላያልቅ ይችላል። መድኃኒቱን የሚቆርጥ ኤንዛይም የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ያለ ቦታው በወጋን ቁጥር የሚተርፉትና የሚባዙት እነሱ ናቸው። ይህ በጣም ያስጨንቀኛል።

ከላሊበላ፦ «የሴፋሎስፖሪን ቤተሰብ መጀመሪያ ከየት ተገኘ?»
ከፍሳሽ! ጁሴፔ ብሮትሱ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1945 ሰርዲንያ ላይ ከፍሳሽ መውጫ አጠገብ ካገኘው ሻጋታ ነው።

ከአንዲት ነርስ፦ «በሪንገር ልበጥብጠው?»
በፍጹም፣ እህቴ። ሪንገር የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ከሴፍትሪያክሶን ጋር ሲገናኝ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይረጋል። ለጨቅላ ሕፃን በተለይ አደገኛ ነው። ለጡንቻ ተብሎ በማደንዘዣው በሊዶካይን የተበጠበጠውም በደም ሥር አይሰጥም።

ከመርሳ፦ «የሴፋሌክሲን ሽሮፑን የት ላስቀምጠው?»
ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ። ከመስጠትሽ በፊት በደንብ ነቅንቂው። ከ14 ቀን በኋላ የተረፈውን ድፊው፤ ለታናሹ አታስቀምጪለት።