የታዳጊ ሴቶች የበጎ ፈቃድ ክበብ፦ ከከተማው ዳር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ከ13 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ሴት ልጆች የበጎ ፈቃድ ክበብ ለማቋቋም ያሰቡ መምህራን፣ ወላጆችና የዕድር ሰዎች የጠየቋቸው ናቸው። መላሿ በክበባት አማካሪነት የምትሠራ እህታችን ናት።

ከኮዬ ፈጬ፦ እህቴ፣ በኮንዶሚኒየማችን 40 ልጆች ተመዝግበውልኛል። ከየት ልጀምር?

በ40ው አትጀምሪ። ለአንድ ክበብ ከ12 እስከ 15 ልጆችና ሁለት ሴት አማካሪዎች ይበቃሉ። አርባው ባንዴ ከተሰበሰቡ አምስቱ ይናገራሉ፣ የቀሩት ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አይመጡም። የተረፉትን ስማቸውን ይዘሽ አቆዪ። የመጀመሪያው ቡድን አንድ ሥራ ሲጨርስ ሁለተኛውን ክፈቺ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ደንቡንና የሚመቻቸውን ሰዓት ይወስኑ። በሁለተኛው ሁለት ሁለት ሆነው በቀን ሰፈሩን ይዙሩና ያዩትን ሦስት ሦስት ችግር ይጻፉ። በሦስተኛው በምስጢር ድምፅ አንዱን ይምረጡ። አንቺ አትምረጪላቸው፤ ያልመረጡትን ሥራ የሚሠሩት አንቺ ስታዪ ብቻ ነው። የአንቺ ድርሻ ሦስት ነገር ማጣራት ነው፦ ሥራው በስድስት ሳምንት ያልቃል? በራሳቸው እጅ ይሠራል? ያለ ውጭ ገንዘብ ይጀመራል? የመንገድ መብራት ማስተከል በሦስቱም ይወድቃል። የ1ኛና 2ኛ ክፍል ልጆችን ማስነበብ በሦስቱም ያልፋል።

ከየካ አባዶ፦ ቅዳሜ ጠዋት ቀጠርን፣ ግማሾቹ እየቀሩ ነው። ፍላጎት የላቸውም ማለት ነው?

የለም፣ መጀመሪያ ውሃው መቼ እንደሚመጣ ጠይቁ። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የውሃው ቀን የሴት ልጅ የሥራ ቀን ነው፤ በርሜሉና ጄሪካኑ ሳይሞላ፣ የሳምንቱ ልብስ ሳይታጠብ ከቤት አትወጣም። ወንድሟ ኳስ ሜዳ ሲሆን እሷ ቧንቧ ሥር ናት። በዚያ ላይ የቅዳሜ ጠዋት የመድረሳ ትምህርት፣ የእሁድ ቅዳሴ፣ ቤቱ የሚጋገርበት ቀን አለ። ከእያንዳንዷ ልጅ ጋር የሳምንት ሥራዋን በወረቀት አስፍሩና ክፍት ሰዓቶቹን አስተያዩ። ብዙ ቦታ የሚቀረው ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 9:30 ያለው ነው። ከ10 ሰዓት አታሳልፉ፤ ልጆቹ ሳይመሽ ቤት መግባት አለባቸው። ቦታው ታክሲ የማያስይዝ፣ በእግር ከ20 ደቂቃ የማይርቅ ይሁን። የነዋሪዎች ኮሚቴው ኮሚናል ቤቱን ከፈቀደላችሁ ጥሩ ነው፤ ልቅሶ ሲኖር ግን ስለሚያዝ ሌላ ቦታ ቀድማችሁ አስቡ።

ከገላን፦ አባቶች እንቢ ይላሉ።

ልጅቷን ደብዳቤ አስይዞ መላክ አይበቃም። ሁለታችሁም አማካሪዎች ቤት ድረስ ሂዱ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፦ ቀኑ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሁለታችሁ ስልክ፣ ልጅቷ የምትሠራው ሥራ፣ ክፍያ እንደሌለው። ከዚያ የተባለውን ሰዓት ጠብቁ። አንድ ቀን ቢያመሽ የወራት ልፋት ይጠፋል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ልጆቹ የሚታጠብ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ሰፍተን ለትምህርት ቤት እንስጥ ብለዋል። እንዴት ይሠራል?

ጥሩ ምርጫ ነው፤ ግን በጥንቃቄ። ላዩ ለስላሳ ጥጥ፣ መሐሉ ሁለት ወይም ሦስት ድርብ ፎጣ ወይም ፍላኔል፣ ታቹ ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ ነው። ርዝመቱ 25 ሳንቲሜትር ያህል፣ በጎንና ጎን በቁልፍ የሚገጠም ክንፍ ይኖረዋል። ለአንዲት ልጅ አምስት ወይም ስድስት ያስፈልጋታል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥጡ ሳይታጠብ ከተቆረጠ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ይጣመማል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ እጠቡት። ከልብስ ሰፊ የሚገኘው ቁርጥራጭ ብዙው ፖሊስተር ነው፣ አይመጥም፤ ጠብታ ውሃ ጣሉበትና ከላዩ ከተንከባለለ ተዉት። የስስ ፌስታል ሽፋን ያልባል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ታችኛውን ጨርቅ መሐሉ ላይ በመርፌ አትለፉበት፤ በቀዳዳው ያፈሳል፣ ዳር ዳሩን ብቻ ስፉ።

ከስፌቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሳነው ማድረቁ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቅ፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያስይዘዋል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ልጆች አፍረው አልጋ ሥር ሲያደርቁት እርጥበቱ ይቀራል፣ ይሸታል፣ ያሳክካል። ስስ ነጠላ ከላዩ ጣል ተደርጎ ገመድ ላይ ቢሰጣ ዓይን አይገባም፣ አየርና ሙቀት ግን ያገኛል። ይህን ሳታስተምሩ ጨርቁን ብቻ አትስጡ። ስትሰጡም ተራ አሰልፋችሁ ፎቶ አታንሱ፤ በሴት መምህርት በኩል በዝምታ ይድረስ።

መዋጮ ብናስከፍል?

ግዴታ አታድርጉት፤ ሳንቲም ያጣችው ልጅ ምክንያቱን ሳትናገር ትቀራለች። ገንዘብ ካለ ያዥዋ ከልጆቹ አንዷ ትሁን፤ ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ በእሷ፣ አንዱ በአማካሪ እጅ። ደረሰኙ ደብተሩ ላይ ይለጠፍ፣ በየስብሰባው ሂሳቡ ይነበብ።

ከለገጣፎ፦ አንዲት ልጅ ጥቃት ደርሶብኛል ብትለኝ ምን ላድርግ?

«ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ፤ የማትጠብቂው ቃል ነው። «አምንሻለሁ፣ የሚረዱሽ ሰዎች ጋ አብረን እንሄዳለን» በያት። ዝርዝሩን ደጋግመሽ አትጠይቂ። መደፈር ከሆነ ሰዓት ወሳኝ ነው፦ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሳትታጠብ ትሂድ፤ ልብሷን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ያዢ። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የፖሊስ ስልክ 991 ነው። ጥርጣሬው ከቤተሰብ አባል ላይ ከሆነ መጀመሪያ ለቤት አትናገሪ፤ ወደ ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ወሬውን በሽምግልና ለመጨረስ የሚመጣ ሰው ይኖራል፤ አትቀበዪው።

ደግሞም ከመጀመሪያው ቀን ደንብ ይሁን፦ አንድ አዋቂ ከአንዲት ልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይቀመጥም፣ አማካሪዋም ብትሆን።

ዓለም አቀፍ ክበብ ውስጥ መግባት ይሻላል?

ሮታሪ የሚባለው ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ኢንተራክት የሚባል ክበብ አለው፤ ደጋፊ የሮታሪ ክበብ ያስፈልጋል። በዓመት ቢያንስ ሁለት ሥራ ይጠይቃል። የቀይ መስቀል የትምህርት ቤት ክበብም አለ። እኔ ግን መጀመሪያ ሁለት ሥራ በራሳችሁ ጨርሱ እላለሁ።

የ12ኛ ክፍል ልጆች ሲወጡ ክበቡ ይፈርሳል። ምን እናድርግ?

ርክክቡን ለሰኔ አታቆዩት፤ ፈተና ነው፣ ማንም አይሰማችሁም። ሚያዝያ ላይ አዲሷ ሰብሳቢ፣ ፀሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጡ፤ እስከ ግንቦት መጨረሻ ከነባሮቹ ጎን ይሥሩ። ደብተሩ፣ የሳጥኑ ቁልፍና የወላጆች ስልክ ዝርዝር ሁለት አማካሪዎች ባሉበት ተፈርሞ ይተላለፍ። ነባሮቹ በክረምት ለአዲሶቹ ልጆች አንድ ስብሰባ እንዲመሩ ጋብዟቸው።